ስምንት ወር ከኤልኤልኤም ጋር፣ በጥቁሩ መስኮት

ነገሩን የጀመረው የቀኝ እጄ አንጓ ነው። ሐኪሙ አየና «ማውስ ቀንስ» አለኝ። ሥራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ነው፤ ውሎዬ ተርሚናል ላይ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁሩ መስኮት)፣ ኪቦርድ ላይ ነው። የቱን ማውስ ነው የምቀንሰው ብዬ ገረመኝ። በማግስቱ ራሴን ስታዘብ ገባኝ። የስሕተት መልእክት ይመጣል፤ በማውስ መርጬ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ብሮውዘር ከፍቼ ቻትቦቱ ላይ ፔስት አደርጋለሁ፤ መልሱን መርጬ ኮፒ፤ ወደ ተርሚናል ተመልሼ ፔስት። በዚያ ቀን ብቻ 31 ጊዜ። ወረቀት ላይ በእርሳስ እየጫርኩ ነው የቆጠርኩት።

ለአንድ ወጣት ባልደረባዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ሁሉን ነገር በተርሚናል እየሠሩ ይሄን ብቻ ለምን በብሮውዘር ያደርጉታል?» መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት ማታ እንደ ቻትቦቱ ያሉትን ሞዴሎች ከተርሚናል ሆኖ ለመጠየቅ የሚያገለግለውን፣ ኤልኤልኤም የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ። አንጓዬ ተሽሎታል። ስለ ፕሮግራሙ የምለው ግን ከዚያ ትንሽ ይወሳሰባል።

አስቀድሜ ስሙ ላይ ላጉረምርም። ኤልኤልኤም የትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሁሉ የወል መጠሪያ ነው። ፕሮግራሙም ስሙ ኤልኤልኤም ነው። ውሻን ውሻ ብሎ እንደ መሰየም ማለት ነው። ችግር ገጥሟችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈው ሁሉ ይዘረገፍባችኋል። የሠራው ሳይመን ዊሊሰን ነው፤ ጃንጎ የሚባለውን የዌብ ፍሬምወርክ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ነው ያወጣው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ፕሮግራሙም ነፃ ነው። የምትከፍሉት ከጀርባ ያለውን ሞዴል ለሚያስኬደው ድርጅት ነው፤ እሱም በተጠቀማችሁት ቶከን፣ ማለትም ሞዴሉ በሚያነበውና በሚጽፈው የጽሑፍ ቁራጭ ልክ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ካላችሁ በመጫኛዎቹ በፒፕ፣ በፒፕኤክስ ወይም በዩቪ ይጫናል፤ ማክ ላይ በሆምብሩም ይመጣል። እኔ በፒፕኤክስ ነው የጫንኩት፤ ከሌሎቹ የፓይተን ዕቃዎቼ ጋር እንዳይጣላ የራሱ ክፍል ይኑረው ብዬ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፕለጊን (ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጥ ቅጥያ) ስትጨምሩ በራሱ በፕሮግራሙ የመጫኛ ትዕዛዝ ጨምሩ። በፒፕ ብትጭኑት ሌላ ክፍል ይገባና «ጫንኩት እኮ፣ የታለ?» እያላችሁ ትዞራላችሁ። እኔ አንድ ሰዓት ዞሬያለሁ። ከዚያ የኤፒአይ ቁልፋችሁን፣ ማለትም የሞዴሉ ድርጅት ማን እንደሆናችሁ የሚለይበትን ምስጢራዊ ኮድ፣ ታስገባላችሁ። ቁልፉ የሚቀመጠው ሳይመሰጠር፣ በተራ ፋይል ውስጥ ነው። ላፕቶፓችሁን ሌላ ሰው የሚነካካው ከሆነ ይህን ዕወቁት።

እስከዚህ ያለው የትም የሚገኝ ነገር ነው። ጥያቄ ትጽፋላችሁ፣ መልስ ይመጣል። እኔን የያዘኝ ግን ፓይፑ ነው።

ፓይፕ ማለት ያ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰረዝ ነው፤ «|»። አንዱ ፕሮግራም ያወጣውን ለሌላው እንደ ቧንቧ ያቀብላል። ዳግ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው ማስታወሻ ላይ ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ መቀጣጠል አለብን ብሎ ነበር። ኬን ቶምሰን በ1973 ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ እኔን የመሰሉ ሰዎች ግሬፕን (ቃል ፈላጊውን) ከሶርት (ደርዳሪው)፣ ሶርትን ከዩኒክ (ድግግሞሽ አጣማሪው) እየቀጠሉ ኖረዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ትንሽ ነው፣ አንድ ነገር ያውቃል፣ አፉና ጅራቱ ጽሑፍ ነው። ኤልኤልኤም በዚህ ሰልፍ ውስጥ ይቆማል። አንደኛውን ጫፍ ጽሑፍ ታጎርሱታላችሁ፤ በሌላኛው ጫፍ ጽሑፍ ያወጣል። የተለየ ነገር የለውም። ለዚህ ነው የወደድኩት።

ምሳሌ ልስጥ። ሰዎች አንድ የውስጥ አገልግሎት ውስጥ ሊገቡ ሲሉ አንዳንዴ አያስገባቸውም ነበር። ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት እንቢ ይላል። ሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ፣ 40,000 መስመር ገደማ ነው። እንዳለ ለሞዴሉ ብሰጠው ሒሳቡ ይከብዳል፣ መልሱም ይቀጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ በግሬፕ ስሕተቶቹን ብቻ ለቀምኩ። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጬ በሶርትና በዩኒክ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ቆጠርኩ። 63 መስመር ቀረ። ያንን ነው ለኤልኤልኤም ያቀበልኩት፤ «ከእነዚህ ውስጥ መንሥኤ የሚመስለው የቱ ነው፣ ውጤት የሚመስለውስ?» ብዬ። ከታች አካባቢ፣ አራት ጊዜ ብቻ የተቆጠረ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ የሰዓት ልዩነት። ከርቤሮስ የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ በሁለት ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ሲያገኝ በነባሪው አሠራር በር ይዘጋል። አንደኛው ሰርቨር ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይሸሽ ነበር። እኔ ብዙ ጊዜ የተቆጠሩትን፣ ከላይ ያሉትን ነበር የማየው። አራት ጊዜ የመጣውን ማን ያየዋል?

እዚህ ላይ የሚገባኝን ልንገራችሁ። ሥራውን የሠራው ሞዴሉ ብቻ አይደለም። 40,000ውን 63 ያደረጉት የድሮዎቹ ዕቃዎች ናቸው። በብሮውዘር ቢሆን ኖሮ ይህን ማጣራት አላደርገውም ነበር፤ ያገኘሁትን ጎርሼ እለጥፍ ነበር። ፓይፑ ራሱ ነው እንዳጣራ የሚያስገድደኝ።

ሌላው የየቀኑ አጠቃቀሜ ጊት ላይ ነው፤ የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው ዕቃ። ያደረግሁትን ለውጥ በጊት ዲፍ አውጥቼ አቀብለዋለሁ፣ የኮሚት መልእክት (ከለውጡ ጋር የሚመዘገበውን ማብራሪያ) ይጽፍልኛል። ከእኔ የተሻለ ይጽፋል፤ የእኔ «አስተካከልኩ» ነበር የሚለው፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ግን ምን እንደተለወጠ እንጂ ለምን እንደተለወጠ አያውቅም። ለምኑን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጨምረው። ከሥራ የለቀቀ ሰው ትቶት የሄደውን የዛሬ አሥር ዓመት ስክሪፕትም በዚሁ መንገድ አስነብበዋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ካልበቃኝ ሰረዝና ሲ ጨምሬ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ቴምፕሌት የሚሉት ነገር ነው ጊዜዬን ያተረፈልኝ። መመሪያ አንድ ጊዜ ትጽፉና በስም ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ በስሙ ትጠሩታላችሁ። የእኔ ዋናው ቴምፕሌት «ኮስታራ» ይባላል። የሚለው ይህን ነው፤ በአጭሩ መልስ፤ አታሞግሰኝ፤ ይቅርታ አትጠይቅ፤ ካላወቅህ አላውቅም በል። ኮስታራ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ መልስ «እንዴት ያለ ድንቅ ጥያቄ ነው» ብሎ ይጀምር ነበር። ለሊቱ አጋማሽ ዲስክ ሞልቶብኝ ድንቅ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ኤልኤልኤም የጠየቃችሁትንና የተመለሰላችሁን ሁሉ በነባሪው አሠራር ይመዘግባል። መዝገቡ ያለው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው፤ አንድ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ፋይል ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በብሮውዘር ያነጋገርኳቸው ሞዴሎች ጋር ያለኝ ታሪክ በየድርጅቱ ቤት ተበትኗል። እዚህ ግን የየትኛውም ሞዴል መልስ አንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ የእኔ ነው፣ በኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) እጠይቀዋለሁ። «ባለፈው ወር ስለዚያ ሰርተፊኬት ምን ብሎኝ ነበር?» ስል በአንድ ቃል ፈልጎ ያወጣልኛል። ማስታወሻ ደብተር ይዤ የማላውቅ ሰው ሳልፈልግ ደብተር ያዝኩ።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። አንድ አገልግሎት አልነሳ አለኝ። የማዋቀሪያ ፋይሉን እንዳለ ወደ ኤልኤልኤም አቀበልኩት፤ «ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኩ። ኢንተር የሚለውን ከመጫኔ መልሱ መንጠባጠብ ጀመረ። የተረሳ ጥቅስ ምልክት ነበር፣ ትክክል ነው። ከሥሩ ግን አንዲት መስመር ጨመረ፦ በነገራችን ላይ፣ 12ኛው መስመር ላይ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ይታያል፤ ለማንም እንዳታጋራው።

አጋርቼዋለሁ እኮ። ለአንተው።

በዚያው ሌሊት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩና ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ነገር ፍለጋ መዝገቡን ስቆፍር ያው አሮጌ የይለፍ ቃል ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እኔው ላፕቶፕ ላይ፣ በዚያ የምወደው ዳታቤዝ ውስጥ፣ በግልጽ ጽሑፍ። ላፕቶፑ ደግሞ ባክአፕ ይደረጋል። ባክአፑም ሁለት ቦታ አለ። ቧንቧ ምን እንደሚያልፍበት አይጠይቅም፤ ያቀበላችሁትን ያሳልፋል።

ፕሮግራሙ መውጫ አለው። ለአንድ ጥያቄ ብቻ እንዳይመዘግብ ማድረግ ይቻላል፣ ጭራሹን ምዝገባውን መዝጋትም ይቻላል። እኔ አልዘጋሁትም፤ ደብተሩን ወድጄዋለሁ። ይልቅ «አጣቢ» የምለው ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ሴድ በሚባለው የጽሑፍ መተኪያ ዕቃ የተሠራ፣ ሃያ መስመር የማይሞላ ነው። የይለፍ ቃል፣ ቁልፍ፣ የአይፒ አድራሻ የሚመስል ነገር ሲያገኝ በኮከብ ይሸፍነዋል። አሁን ማንኛውም ፋይል ወደ ሞዴል ከመሄዱ በፊት በአጣቢ በኩል ያልፋል። ፓይፕ ስለሆነ አንድ ቃልና አንድ ሰረዝ ነው የሚጨመረው። በብሮውዘር ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚቻል እስቲ ንገሩኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ ይብሳል። የመጀመሪያውን ሞዴሉ ራሱ ነገረኝ። ሁለተኛውን ማንም አልነገረኝም።

ንጋት ላይ በራሱ የሚነሳ ሥራ አዘጋጀሁ። የሌሊቱን ሎግ ይሰበስባል፣ ለሞዴሉ ይሰጣል፣ አምስት መስመር ማጠቃለያ በኢሜይል ይልክልኛል። ሦስት ሳምንት ሠራ። አልጋ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ አነበዋለሁ፤ ሰው ሆንኩ አልኩ። አንድ ቀን ጠዋት የመጣው መልእክት «ሌሊቱ በሰላም አልፏል፤ የባክአፕ ሥራዎቹ በሙሉ ተጠናቀዋል» ይላል። እኩለ ቀን ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስሕተት ያጠፋችውን ፋይል መልስልኝ አለችኝ። የዚያ ሌሊት ባክአፕ የለም። ዲስክ ሞልቶ ሥራው ጨርሶ አልተነሳም።

ታዲያ ማጠቃለያው ከየት መጣ? ሎጉ ልክ ከዚያ በፊት ተቀያይሮ አዲስ ፋይል ተከፍቷል። ውስጡ ያለው አንዲት የራስጌ መስመር ብቻ ነው። እኔ ለሞዴሉ የሰጠሁት መመሪያ ደግሞ «የሌሊቱን የባክአፕ ሁኔታ አጠቃልል» የሚል ነው። አንድ መስመር ተቀበለ፣ የተለመደውን ዓይነት ማጠቃለያ ጻፈ። ሰላም ያለው ሌሊት ምን እንደሚመስል ያውቃላ።

እዚህ ላይ ነው ከድሮዎቹ ዕቃዎች የሚለየው። ግሬፕ የፈለገውን ሲያገኝ 0 ብሎ ይወጣል፤ ካጣ 1 ይላል፤ ከተበላሸበት 2 ይላል። ስክሪፕቶቻችን ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ የቆሙ ናቸው። ኤልኤልኤም ኔትዎርክ ቢቋረጥ ወይም ቁልፉ ቢሳሳት ስሕተት መሆኑን በቁጥር ይነግራችኋል። ሞዴሉ ከራሱ ፈጥሮ ሲያወራ ግን 0 ነው። መልስ መጥቷል፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሷል፣ 0። በመስመሩ ውስጥ እንደ ግሬፕ ይቆማል፤ እንደ ግሬፕ ግን አያፍርም። ደግሞም አንዱን ጥያቄ ሁለቴ ብትጠይቁት ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ሶርት እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ በዚያው ቀን ከኮምፒውተሬ አባርረው ነበር።

ያስተካከልኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መቁጠር ከእሱ ተወሰደ። ሎጉ ከ50 መስመር ካነሰ ሞዴሉ አይጠራም፤ ስልኬ ላይ ማንቂያ ይመጣል። የተሳኩና ያልተሳኩ ሥራዎችን ቁጥር ግሬፕ ይቆጥርና ከማጠቃለያው በላይ እንዳለ ይለጠፋል። ሁለተኛው የምኮራበት ነው። ሞዴሉ ለሚለው ነገር ሁሉ ከሎጉ አንድ መስመር ቃል በቃል እንዲጠቅስ አዘዝኩት። ከዚያ ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ጥቅስ መልሶ በግሬፕ ሎጉ ውስጥ ይፈልገዋል። ግሬፕ 1 ካለ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ኢሜይሉ ላይ ሦስት የጥያቄ ምልክት ተለጥፎበት ይመጣል። እስከ ዛሬ 11 ጊዜ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ተንኮል የላቸውም፤ ሰዓቱን አሳምሮ ነው፣ የፊደል ግድፈት አርሞ ነው። ሁለቱ ግን የትም የሌሉ መስመሮች ነበሩ። ጥርት ያሉ፣ የሚያምሩ መስመሮች።

ከፕለጊኖቹ አንዱ የምትፈልጉትን በተራ ቋንቋ ስትነግሩት ትዕዛዙን ጽፎ መስመራችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። አያስኬደውም፤ እናንተ አይታችሁ፣ አርማችሁ፣ ኢንተር እስክትጫኑ ይጠብቃል። ይህ መጠበቁ አድኖኛል። «ከሠላሳ ቀን በላይ የቆዩትን ጊዜያዊ ፋይሎች አጥፋ» አልኩ። የተጠቀምኩት ሞዴል ፋይንድ በሚባለው የፋይል መፈለጊያ ትዕዛዝ ጻፈልኝ፤ የማጥፊያውን ቃል ግን ከማጣሪያው በፊት አስቀድሞ። ፋይንድ ቃላቱን በተራቸው ነው የሚፈጽመው። ማጥፊያው ከቀደመ መጀመሪያ ሁሉንም ያጠፋል፣ ከዚያ ዕድሜያቸውን ይጠይቃል። የፋይንድ መመሪያ ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ይህን ባላውቅ ኖሮ ኢንተር ነበር። ስለዚህ ለጀማሪ ይህን ፕለጊን አልመክርም፤ የሚጠቅመው ትዕዛዙን አንብቦ ለሚያውቅ ሰው ነው። አንብቦ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ግማሹን ጊዜ አያስፈልገውም። አስቂኝ ነው።

ከይለፍ ቃሉ ጉድ በኋላ የራሴ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሞዴል አስገባሁ። ጆርጂ ጌርጋኖቭ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 የጀመረው ላማ ሲፒፒ የሚባል ሥራ ነው ይህን መንገድ ለብዙዎች የከፈተው፤ ኦላማ ደግሞ ያንን ዓይነቱን ነገር በአንድ ትዕዛዝ አውርዶ የሚያስኬድ ነው። ኤልኤልኤም ለኦላማ ፕለጊን አለው፤ ከጫናችሁት በኋላ የሞዴሉን ስም መቀየር ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። 8 ቢልዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተሠራበት ቁጥር) ያለው ሞዴል ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ 5 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። የእኔ ላፕቶፕ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ ይችለዋል፣ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ባትሪውም ዓይኔ እያየ ይወርዳል። እንዲወጣ የማልፈልገውን ፋይል ከቤት ሳላወጣ ማስነበብ እችላለሁ፤ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ለማጠቃለልና መልእክቶችን በዓይነት ለመለየት ይበቃል። የከበደ ስሕተት ሲገጥመኝ ግን ከአጣቢ በኋላ ወደ ትልልቆቹ እሄዳለሁ።

አማርኛስ? ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሒሳቡ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት ዘዴ) አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆርጡበት ቶከን ደግሞ በብዛት ባነበቡት ቋንቋ ነው የተሰፋው፤ የእኛ ቃል ብዙ ቦታ ይሸረፋል። ክፍያው በቶከን ስለሆነ ያው አሳብ በአማርኛ ይወደዳል። ኤልኤልኤም ሰረዝና ዩ ስትጨምሩበት ስንት ቶከን እንደበላ ከመልሱ በኋላ ይነግራችኋል። አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ በሁለቱም ቋንቋ ጠይቄ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አየሁ። ከዚያ ወዲህ የሎግ ጥያቄዎቼን በእንግሊዝኛ አደርጋለሁ። ደብዳቤ ሳረቅ ግን በአማርኛ ነው፤ ያንን ወጪ ችያለሁ።

ሁለተኛው ዓይን የሚያደክመው ነው። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ሳጥን ይመድባል። የእኛ «ሠ» እና «ጨ» እዚያ ሳጥን ውስጥ አይገቡም። አንዳንድ ተርሚናል ላይ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ወረፋ ላይ እንደሚጋፋ ሰው። ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። እኔ የአማርኛ መልስ ሲሆን ወደ ፋይል እልክና በሌላ ኤዲተር እከፍተዋለሁ። ያኔ ደግሞ ማውስ እነካለሁ። ሐኪሜ አይስማ።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች። መልሱ ማርክዳውን የሚባሉትን የጽሑፍ ማስዋቢያ ምልክቶች እንደያዘ ነው የሚታተመው፤ ደማቅ መሆን ያለበት ቃል በኮከብ ተከብቦ ይመጣል። ኮስታራ ላይ «ምልክት አትጠቀም» ብዬ ጨምሬ ተገላግያለሁ። ፓይተን ስለሆነ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል ይዘገያል። ሥራ ላይ አይታይም፤ በሉፕ ውስጥ 600 ጊዜ ስትጠሩት ግን ይታያል።

ተወዳዳሪዎቹን በጨረፍታ ሞክሬያለሁ። ኤአይቻት ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ፈጣን ነው፣ መልሱንም በቀለም አሳምሮ ያሳያል። ለማውራት ለሚፈልግ ሰው ከኤልኤልኤም ይልቅ እሱን እመክራለሁ። በ2025 የወጡት ክሎድ ኮድ፣ ኮዴክስ ሲኤልአይና ጄሚናይ ሲኤልአይ ሌላ ዘር ናቸው፤ ፎልደራችሁ ውስጥ ገብተው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ትዕዛዝ ያስኬዳሉ። ፕሮግራመር ብሆን እነሱ ጋ ነበር የምውለው። እኔ ግን ሰርቨር ላይ በራሱ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ነገር አልወድም። ኤልኤልኤምም ራሱ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ለሞዴሉ መሣሪያ መስጠት ፈቅዷል፤ የፓይተን ፈንክሽን ትሰጡታላችሁ፣ ሲያስፈልገው ይጠራዋል። ከመጥራቱ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል። እኔ የሰጠሁት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሰዓት ማስላት። ቀን መቁጠር ላይ አላምነውም።

እንግዲህ ለማን ነው? ተርሚናል ለማይወድ ሰው አይደለም፤ ብሮውዘሩ ይሻለዋል፣ ማንም አይታዘበውም። ተርሚናል ውስጥ ውሎ ለሚያድር፣ ያገኘውን ሳያምን መልሶ ለሚፈትሽ ሰው ግን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በስሙ ምክንያት ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ ወጣት ባልደረባዬ መጥቶ «ጋሼ፣ አሁንስ በቀን ስንቴ ይጠይቁታል?» አለኝ። መዝገቡን በኤስኪውኤል ጠየቅሁት። በስምንት ወር 4,217 ጥያቄ። እግረ መንገዴን ደጋግሜ የጠየቅሁት ምን እንደሆነ አየሁ። ሰርተፊኬት አይደለም፣ ከርቤሮስም አይደለም። የታር ፋይል (ብዙ ፋይሎች በአንድ የታሰሩበት) በየትኛው የትዕዛዝ ፊደል እንደሚፈታ ነው፤ 19 ጊዜ ጠይቄዋለሁ። 19ኙንም ጊዜ ትክክል መልሷል። ለልጁ የነገርኩት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።